ሲጋራን በተመላላሽ ሕክምና ማቆም፦ ከካርድ ማውጣት እስከ ዓመቱ ቀጠሮ

በጎንደር ከተማ ሲጋራ ለማቆም የሚቆርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ወይ የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ወይ እንቁጣጣሽ፣ ወይ የልጁ ክርስትና። ያን ቀን ፓኬቱን ጨምድዶ ይጥላል፣ ሦስት አራት ቀን በጭንቅ ያሳልፋል፣ በአምስተኛው ቀን ከወዳጁ ጋር ቡና ሲጠጣ «አንዲት ብቻ» ይላል፣ ሳምንቱ ሳይወጣም ወደ ነበረበት ቁጥር ይመለሳል። እንዲህ ያለ ምንም ረዳት ለማቆም ከሚሞክሩ 100 ሰዎች መካከል ስድስት ወር ወይም ዓመት ሳያጨሱ የሚቆዩት ከ3 እስከ 5 ያህሉ ናቸው። ምክርና መድኃኒት አብረው ሲሰጡ የሚሳካላቸው ሰዎች ቁጥር ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

ተመላላሽ ሕክምና ማለት አልጋ ሳይዙ፣ ከሥራና ከቤት ሳይለዩ፣ በተወሰኑ ቀጠሮዎች እየተመላለሱ የሚከታተሉት ሕክምና ነው። ዋናው ክፍል ሦስት ወር ያህል ይወስዳል፤ ክትትሉ እስከ ዓመት ይዘልቃል። ይህን መመሪያ የምጽፈው በተመላላሽ ክፍል የሠራሁ የጤና ባለሙያ ሆኜ ነው፤ እኔም ራሴ ዘጠኝ ዓመት አጭሼ ያቆምኩ ነኝ። ሰዎች በዚህ ሕክምና ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚሰጡት ለመድኃኒቱ ነው። እኔ ግን ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለቀጠሮው፣ በተለይም ሲጋራው ከቆመ በኋላ ባለው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ለሚያዘው ቀጠሮ ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ የከሸፈው ሐራራው በርትቶብኝ ሳይሆን፣ በሦስተኛው ቀን «ደህና ነኝ፣ ባልሄድስ ምን አለ» ብዬ የቀረሁ ዕለት ነው።

አንደኛ፦ ወደ ሐኪም ከመሄድዎ በፊት ለአንድ ሳምንት መዝግቡ

ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄድዎ በፊት ባለው ሳምንት ማጨስዎን አይቀንሱ፤ የሚያጨሱትን ብቻ ይመዝግቡ። ትንሽ ደብተር ወይም ስልክዎ ይበቃል። ለእያንዳንዷ ሲጋራ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሮዎት የነበረውን ሰው እና የሐራራውን ብርታት ከ1 እስከ 5 ይጻፉ። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ገጽ ይህን ይመስል ነበር፦ «12፡20 ከአልጋ ሳልወርድ፣ 5። 1፡15 ከቤት ወጥቼ ታክሲ ስጠብቅ፣ 3። 3፡40 ቡና፣ ከሥራ ባልደረባ ጋር፣ 4። 5፡00 አለቃ ሲያስጠብቀኝ፣ 2። 8፡30 እስከ 11፡00 ጫት ላይ፣ ሰባት፣ መቁጠር አቃተኝ።» ይህ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ በቀን ስድስት እንደሚያጨስ ነበር የነገረኝ።

ውሸታም ስለሆነ አይደለም። በከተማችን ብዙ ሰው ሲጋራ የሚገዛው በነጠላ ነው፤ ፓኬት የማይገዛ ሰው ቁጥሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በዱቤ የሚወስዱ ከሆነ ከእርስዎ ይልቅ የባለሱቁ ደብተር ያውቃል፤ እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ይህን ምክር የሰጠኋቸው አንዳንዶቹ ሲጋራውን ለማቆም የወሰኑት ሐኪሙ ፊት ሳይሆን እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ሒሳቡን ሲደምሩ ነው።

ሁለተኛ፦ ካርድ ማውጣትና የሚናገሩትን ማወቅ

መነሻው በአቅራቢያዎ ያለው ጤና ጣቢያ ነው፤ አዘዞ የሚኖር ሰው አዘዞ፣ ማራኪ የሚኖር ሰው ማራኪ ይጀምር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆኑ ይህ ቅደም ተከተል ለኪስዎም ያስፈልጋል፤ ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪውን ራስዎ ሊሸፍኑ ይችላሉ።

ካርድ ክፍልም ሆነ ምርመራ ክፍል ሲደርሱ «ሲጋራ ማቆም እፈልጋለሁ» ብለው በግልጽ ይናገሩ። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አፍሮ «ሳል አለብኝ» ብሎ ይገባል፣ የሳል መድኃኒት ተጽፎለት ይወጣል፣ ሲጋራው ሳይነሳ ይቀራል። ሳልም ካለ ሁለቱንም ይናገሩ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ የአክታ ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይገባል፤ ማጨስ ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ያለውን ተጋላጭነት ስለሚጨምር ይህ ጥያቄ በአጫሽ ላይ አይታለፍም።

ይዘው የሚሄዱት የሳምንቱን መዝገብ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው፣ እና ሌላ ክትትል ካለዎት የዚያን ካርድ ነው። የሚጥል በሽታ፣ በቅርቡ የደረሰ የልብ ድካም፣ የአእምሮ ሕመም፣ እርግዝና፣ የኩላሊት ሕመም ወይም ብዙ መጠጥ ካለ መጀመሪያውኑ ይናገሩ። እንዲህ ያለው ታካሚ ብዙውን ጊዜ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ሪፈር ይጻፍለታል። ሪፈር ተጻፈልኝ ብለው አይደንግጡ፤ በሽታዎ ጸንቷል ማለት ሳይሆን፣ የመድኃኒቱ ምርጫ ሌላ ባለሙያ ሊያየው ይገባል ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ በመጀመሪያው ቀጠሮ ምን ይደረጋል

ባለሙያው ስለ ማጨስዎ ይጠይቅዎታል፣ እንዲያቆሙ ይመክርዎታል፣ ዝግጁነትዎን ይመዝናል፣ ዕቅድ አብሮዎት ያወጣል፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ይይዛል። የሱሱ ጥንካሬ የሚለካው ፋገርስትሮም በሚባል፣ ስድስት ጥያቄዎች ባሉት መለኪያ ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 10 ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ብዙ ይናገራሉ። አንደኛው ከእንቅልፍ ከነቁ በኋላ የመጀመሪያዋን ሲጋራ በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚለኩሱ ነው፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ 3 ነጥብ፣ ከ6 እስከ 30 ደቂቃ 2፣ ከ31 እስከ 60 ደቂቃ 1፣ ከዚያ በላይ ከቆዩ 0 ይያዝልዎታል። ሁለተኛው በቀን የሚያጨሱት ብዛት ነው፤ እስከ 10 ከሆነ 0፣ ከ11 እስከ 20 ከሆነ 1፣ ከ21 እስከ 30 ከሆነ 2፣ ከ31 ጀምሮ 3። ድምሩ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሱሱ ጠንካራ ነው ማለት ነው።

ጠዋት የመጀመሪያዋ ሲጋራ ይህን ያህል ነጥብ የያዘችበት ምክንያት አለ። ኒኮቲን፣ ማለትም በትምባሆ ውስጥ ያለው ሱስ አስያዥ ንጥረ ነገር፣ ከተሳበ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ ሰው ሲነቃ ከኒኮቲን ባዶ ሆኖ ነው የሚነቃው፤ ከአልጋው ሳይወርድ ላይተር የሚፈልገው ሰውነቱ ነው።

በአንዳንድ ቦታ በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ከሲጋራም ሆነ ከከሰል ቃጠሎ የሚወጣውን ጋዝ፣ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ይኖራል። ካለ ጥሩ ነው፤ ሲጋራ ካቆሙ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቁጥሩ ሲወርድ ማየት ያበረታታል። ከሌለ ሕክምናው አይጎድልም። መሣሪያው ካለና ቁጥሩ አልወርድ ካለ፣ ባለሙያው «ደብቀህ ታጨሳለህ» ከማለቱ በፊት ስለ ሺሻና ስለ ከሰል መጠየቅ ይገባዋል። በተዘጋ ክፍል ከሰል አያይዛ ቡና ስታፈላ የዋለች ሴት ሲጋራ ሳትነካ ቁጥሯ ሊጨምር ይችላል።

አራተኛ፦ የማቆሚያውን ቀን መምረጥ

የማቆሚያው ቀን ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ከራቀ ውሳኔው ይበርዳል፣ በጣም ከቀረበ ደግሞ አስቀድመው የሚጀመሩ መድኃኒቶች ለመሥራት ጊዜ አያገኙም።

ጎንደር ላይ ሆኖ ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ጊዜ ቀን መያዝን አልመክርም። ጥር 11 ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ ከሌላ ከተማ የመጣ የድሮ ጓደኛ «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ድራፍት ሲጋብዝ፣ አምስት ቀን ያቆመ ሰው ያለበት ቦታ አስቸጋሪ ነው። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ዐቢይ ጾም ግን የሠርግና የመጠጥ ግብዣ የሚቀንስበት፣ ቤተሰቡም በመታቀብ ላይ ያለበት ጊዜ ስለሆነ ለብዙዎች ይመቻል። ረመዳንም ለሙስሊም ወገኖቻችን እንዲሁ ነው፤ ከንጋት እስከ መግሪብ ሳያጨስ የሚውል ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል፤ ቀሪው ሥራ ከማፍጠሪያ በኋላ ያለውን ሰዓት መያዝ ነው።

ሆኖም የጾሙን ወቅት የሚመርጥ ሰው ሁለት ነገር ለባለሙያው ይንገር። አንደኛው እህል የሚቀምስበትን ሰዓት ነው፤ የመድኃኒቱ ሰዓት በዚያው ልክ መስተካከል አለበት። ሁለተኛው፣ ብዙ ይጠጣ ከነበረ፣ በቅበላ ማግስት መጠጡንም በአንድ ጊዜ ሊያቆም ማሰቡን ነው። ይህ ለምን አደገኛ ሊሆን እንደሚችል በሚቀጥለው ክፍል አስረዳለሁ።

ጸበል ለመግባት ያሰበም ሰው ያንኑ ለባለሙያው ይንገር። በጸበሉና በሕክምናው መካከል ጠብ የለም፤ ጸበል ቦታ ከሲጋራና ከሱቅ መራቁ በራሱ ይረዳል። ችግሩ መድኃኒቱን ቤት ጥሎ መሄዱ ላይ ነው፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድን ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል።

አምስተኛ፦ መድኃኒቱ

ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች የተለመዱት ናቸው። ለእርስዎ የሚስማማውን የሚወስነው የሚያይዎት ባለሙያ ነው። መድኃኒቶቹ በየፋርማሲው ሁልጊዜ ስለማይገኙ የማቆሚያው ቀን ከመድረሱ በፊት በፒያሳም ሆነ በሆስፒታሉ አካባቢ ያሉትን ፋርማሲዎች ጠይቀው፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር የሚያደርስዎትን ያግኙ። መድኃኒቱ በሁለተኛው ሳምንት ቢያልቅ ከመጀመሪያውም ካልተጀመረ የከፋ ነው እላለሁ፤ በሐራራው መሐል ሰውን ባዶ እጁን ይተወዋል።

የመጀመሪያው ዓይነት ኒኮቲንን ያለ ጭስ የሚተካ ነው፤ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ፕላስተርና የሚታኘክ ማስቲካ አለው። ብዙ ሰው «ኒኮቲንን በኒኮቲን ማቆም ምን ማለት ነው» ብሎ ይጠይቀኛል። ሱስ የሚያስይዘው ኒኮቲን ነው፤ ሳንባንና ልብን በዋናነት የሚጎዳው ግን የሚቃጠለው ትምባሆ ጭስ ነው። ፕላስተሩ ኒኮቲኑን በቀስታ እየሰጠ ሰውነት እንዳይጮህ ያደርጋል፣ እርስዎ በዚያ ጊዜ እጅዎንና ልማድዎን ይፈታሉ። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ ሰው በተለምዶ በ21 ሚሊ ግራም ፕላስተር ጀምሮ 6 ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ወደ 14 ሚሊ ግራም ለ2 ሳምንት፣ ወደ 7 ሚሊ ግራም ለ2 ሳምንት ይወርዳል። 10 እና ከዚያ በታች የሚያጨስ በ14 ይጀምራል። ፕላስተሩ ጠዋት ንጹሕ፣ ደረቅና ፀጉር በሌለው ቆዳ ላይ፣ በላይኛው ክንድ ወይም በትከሻ፣ ይለጠፋል፤ ቅባት የተቀባ ቆዳ አይዘውም። በማግስቱ ሌላ ቦታ ይለጥፉ፤ ወደ መጀመሪያው ቦታ ከሳምንት በፊት አይመለሱ። ሕልም ካበዛብዎት ማታ ሊያነሱት ይችላሉ። የተነሳውን አጥፈው ልጅ በማይደርስበት ይጣሉት።

ማስቲካው ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊ ግራም ነው፤ በነቁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ባለ 4ቱን ይወስዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ቀስ ብለው ጥቂት ጊዜ ያኝኩታል፤ ምላስዎን በርበሬ ቢጤ ሲቆጠቁጥዎት ማኘኩን ያቁሙና በጉንጭና በድድ መካከል ያስቀምጡት፤ መቆጥቆጡ ሲጠፋ እንደገና ያኝኩና በሌላው ጉንጭ ያስቀምጡ። በዚህ መልክ አንዱ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያል። ኒኮቲኑ የሚገባው በጉንጭ በኩል ነው፤ እንደ ልብ አኝኮ የሚውጠው ሰው የሚያገኘው ስቅታና የጨጓራ ማቃጠል ብቻ ነው። ከማስቲካው በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎችና በአፍዎ ውስጥ እያለ ቡና፣ ለስላሳ ወይም የሎሚ ጭማቂ አይጠጡ፤ የአፍን አሲድነት ስለሚጨምሩ ኒኮቲኑ እንዳይገባ ያግዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በየአንድ ሁለት ሰዓቱ አንድ ይወሰዳል፤ በቀን ከ24 አይበልጥም። ፕላስተርና ማስቲካን አንድ ላይ መጠቀም አንዱን ብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት አለው፤ ፕላስተሩ ቀኑን ሙሉ ይይዛል፣ ማስቲካው ድንገት ለሚነሳው ሐራራ ይሆናል።

ሁለተኛው ዓይነት የሚዋጥ ነው። ቫሬኒክሊን ከማቆሚያው ቀን አንድ ሳምንት አስቀድሞ ይጀመራል፦ ለ3 ቀን በቀን አንድ ጊዜ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ያንኑ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 1 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ እስከ 12 ሳምንት። በባዶ ሆድ ከተወሰደ ያቅለሸልሻል፤ ስለዚህ ከምግብ በኋላ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይወሰዳል። ቡፕሮፒዮን ደግሞ ከማቆሚያው ቀን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ለ3 ቀን 150 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 8 ሰዓት ይኑር፣ ሁለተኛው ወደ መኝታ ሰዓት አይጠጋ። ሁለቱንም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ የኒኮቲን ምትኩ ከዚያ ቀድሞ በዝርዝሩ ውስጥ ነበር።

ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም ለነበረበት ሰው አይሰጥም። ብዙ ሲጠጣ ኖሮ መጠጡን በድንገት ለሚያቆም ሰውም አይሰጥም፤ መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ ራሱ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፣ መድኃኒቱ ሲታከልበት አደጋው ይጨምራል። የቅበላውን ነገር ያነሳሁት ለዚህ ነው። ጫት የሚቅም ሰውም ሳይደብቅ ይናገር፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን መድኃኒቱን ለመምረጥ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት በምክሩ ትጀምራለች፤ መድኃኒት ከሐኪም ጋር ሳትመክር አትውሰድ።

መድኃኒቱ በምንም መንገድ ካልተገኘ ሕክምናው አይቀርም። ምክሩና ቀጠሮው ብቻቸውንም ይረዳሉ፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ቀጠሮዎቹ መቀራረብ አለባቸው።

ስድስተኛ፦ ከቀኑ በፊት ያለው ምሽት

መተርኮሻውን፣ የቀሩትን ሲጋራዎችና ላይተሮቹን ከቤት ያውጡ። ላይተሩ ላይ ሁሉም ይከራከረኛል። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሁሉን ጥዬ መጣሁ ብሎኝ ሲቀመጥ ከኪሱ የወደቀው ላይተር ነበር፤ «ይሄ ለጧፍ ማብሪያ ነው» አለኝ። ለጧፍ ክብሪት አለ። ጭስ የጠጣውን ጋቢ፣ ኮትና መጋረጃ ያስጥቡ፤ ሽታው ራሱ ይጠራል።

ለሦስት ሰዎች ይንገሩ፦ ለቤት ሰው፣ አብሮዎት ለሚያጨስ አንድ ወዳጅ፣ እና ሲጋራ ለሚሸጥልዎ ባለሱቅ። ለባለሱቁ «ብለምንህም አትስጠኝ» ይበሉት፤ ጎረቤት ስለሆነ ብዙዎቹ ቃላቸውን ይጠብቃሉ። የሥራ ክፍልዎ ውስጥ የሚያጨስ ካለ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጋ የሥራና የሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ስለሚከለክል ለማስቆም ይሉኝታ አይያዝዎ።

ሰባተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ አሥራ አራት ቀናት

ንዴት፣ መቁነጥነጥ፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመርና መከፋት በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ይጀምራሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ እየደከሙ ይሄዳሉ። ሳል ሊጨምር፣ ሆድ ሊደርቅ ይችላል፤ ያልፋል። ለቤት ሰዎች አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በሦስተኛው ቀን በወጥ ጨው ምክንያት የተነሳ ጠብ የጨው ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

አንድ ሐራራ ሲነሳ እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው። ሰዓትዎን ይመልከቱ፣ ከተቀመጡበት ይነሱ፣ ውኃ ቀስ ብለው ይጠጡ፣ ማስቲካ ካለዎት ይጀምሩ፤ ከተማችን ዳገት አያጣምና አንድ ዳገት ወጥተው ይመለሱ። ሲጋራ ሳይለኩሱ ያለፈውን እያንዳንዱን ሐራራ በዚያው ደብተር ላይ በጭረት ይመዝግቡ፤ ባለሙያው የጭረቱን ሰዓት አይቶ የማስቲካውን ሰዓት ያስተካክላል።

የቡናን ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ጭሱ ሲቆም ይህ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው የለመዱት አቦል፣ ቶናና በረካ በደም ውስጥ ከበፊቱ የበለጠ ካፌይን ይተዋል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰውዬውም «ሲጋራ ማቆሙ አሳበደኝ» ብሎ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ ይቀንሱ፤ ቢቻል አቦሉን ጠጥተው ይነሱ፤ የምትበረታው ሲጋራ የምትመጣው ጨዋታው በደራበት በሁለተኛው ስኒ ላይ ነውና። በዚሁ ምክንያት ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን የተባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስድ ታካሚ ሲጋራ ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ሊል ስለሚችል ለሐኪሙ መናገር አለበት፤ በራሱ ግን መጠኑን አይቀንስ።

ጫትና ሲጋራ ለብዙ ሰው አንድ ነገር ሆነዋል። ምርቃናው ሲመጣ እጅ ሳያስበው ወደ ፓኬቱ ይሄዳል። ጫቱን እየቃሙ ሲጋራውን ብቻ ለማቆም ሞክረው የተሳካላቸው አይቻለሁ፤ ጥቂት ናቸው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ሁለቱንም ይተዉ፤ ካልቻሉ የሚቅሙበትን ቦታና ሰው ይለውጡ። መጠጥም እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ጠዋት የገቡትን ቃል አያስታውስም።

የደረት ሕመም፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ የመንቀጥቀጥ ሕመም ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስምንተኛ፦ ቀጠሮዎቹ

የመጀመሪያው ክትትል ከማቆሚያው ቀን በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ በአካል ካልተመቸ በስልክም ይሆናል። ከዚያ በ7ኛው ቀን፣ በ14ኛው ቀን፣ በወሩ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር፣ በስድስተኛው ወርና በዓመቱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተቀራርበው የተቀመጡት ብዙ ሰው ተመልሶ የሚለኩሰው በእነዚያ ቀናት ስለሆነ ነው። በየቀጠሮው መድኃኒቱ ይታያል፣ ክብደትና የደም ግፊት ይለካል፣ ጭረቶቹ ይነበባሉ፣ የሚመጣው ሳምንት አደገኛ ሰዓት አስቀድሞ ይታሰባል። ክብደት በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 4 ወይም 5 ኪሎ ይጨምራል፤ ይህ በተለይ ሴቶችን ያሳስባቸዋል፣ ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክብደት ለመቀነስ ብሎ ምግብ መከልከሉን አልመክርም፤ ሁለት ትግል በአንድ ጊዜ ይሆናል።

መድኃኒቱ የሚያልቀው በሦስተኛው ወር ገደማ ነው። ያን ጊዜ ቀጠሮውም አበቃ ብሎ መቅረት ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ነው። የስድስተኛው ወር ቀጠሮ ከሠርግ ወይም ከሐዘን ጋር ከገጠመ ይቀይሩት እንጂ አይሰርዙት። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ለሊቱን ሲያድሩ ሲጋራ የሚዞርበት ሰዓት፣ ስድስት ወር ያቆመን ሰው ሲጥል ደጋግሜ ያየሁት ሰዓት ነው፤ ለዚያ ሌሊት ማስቲካ በኪስዎ ይኑር።

ዘጠነኛ፦ ቢለኩሱስ

አንድ ሲጋራ ማጨስና ወደ ማጨስ መመለስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዷን የለኮሰ ሰው ቀሪዋን ይጣል፣ ፕላስተሩን አያንሳ፣ የሚዋጠውን መድኃኒት አያቋርጥ፣ ሰዓቱንና ቦታውን ይጻፍ፣ በማግስቱ ይደውል ወይም ይምጣ። ብዙ ሰው ግን አፍሮ ቀጠሮውን ይተዋል፤ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ጤና ጣቢያ ሄዶ አዲስ ካርድ ያወጣል፣ ሁሉንም ከሥር ይጀምራል። አሮጌው ካርድ ላይ የትኛው መድኃኒት እንዳቅለሸለሸው፣ በየትኛው ሰዓት እንደወደቀ፣ ከማን ጋር እንደነበር ተጽፏል፤ ሁለተኛው ሙከራ የሚታቀደው ከዚያ ነው።

ሙሉ በሙሉ የተመለሱ ከሆነም ወደዚያው ክፍል፣ በዚያው የካርድ ቁጥር ይመለሱ። አዲስ የማቆሚያ ቀን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይያዛል፣ ባለፈው አንድ መድኃኒት ብቻ ከነበረ ጥምር ይታሰባል፣ የሦስተኛው ቀን ቀጠሮ በስልክ የነበረ ከሆነ ደግሞ በዚህኛው ዙር በአካል እንዲሆን ይጠይቁ።